በሞተር ብስክሌት ቀለም ላይ ስለሚታየው ጭረትና ስለ አጠፋፉ

በጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ለሽያጭ የቆመ ጥቁር ሞተር ብስክሌት አለ እንበል። ከማሸጊያው በወጣ ቀን የቤንዚን ታንኩ እንደ መስተዋት የሰው ፊት ያሳይ ነበር። የሱቁ ልጅ በየማለዳው በር ከፍቶ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ በዚህ ታንክ ላይ ያደረውን አቧራ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ገዢ መጥቶ ሞተሩን ወደ ፀሓይ አስወጥቶ ሲመለከተው፣ በፀሓዩ ነጸብራቅ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ቀጭን፣ ክብ ክብ የሆነ ጭረት ሞልቶበት ያገኘዋል። «ይህማ የተነዳ ነው» ይላል። ነጋዴው በቆጣሪው ላይ ያለውን ዜሮ ቁጥር ቢያሳየውም፣ ዐይን ያየውን ቆጣሪ ሊያስተባብለው አይችልም፤ ከዋጋው ላይ መቀነስ ግድ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚያስገርመው ጉዳቱን ያመጣው ቸልተኛነት ሳይሆን ትጋት መሆኑ ነው። ልጁ ሰነፍ ቢሆንና ሞተሩን ባይነካው ኖሮ አቧራውን በውሃ አጥቦ እንደ አዲስ ለመሸጥ ይቻል ነበር። ስለዚህ ጭረትን ስለ ማጥፋት ከመነጋገር አስቀድሞ ጭረት ምን እንደ ሆነ፣ ከወዴትም እንደሚመጣ መረዳት ያስፈልጋል።

ነገሩ የጥቂት ነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሞተር ብስክሌት በአዲስ አበባ የዕቃ ማድረሻ ሥራ መሣሪያ ሆኗል። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው ውስጥ እንቅስቃሴው ታግዶ እንደ ነበረ፣ ከዚያም በኋላ በፈቃድና በቁጥጥር ወደ ሥራ እንደ ተመለሰ ይታወሳል። ለሥራ የተገዛ ሞተር ደግሞ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ መዘዋወሩ አይቀርም፤ በሚዘዋወርበትም ጊዜ ገዢው ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ከመስማቱ በፊት ዐይኑ የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ነው።

የቀለሙ አሠራር

የዛሬ ሞተር ብስክሌት ቀለም አንድ ነገር አይደለም። ከላሜራው ወይም ከፕላስቲኩ ቀጥሎ መያዣ የሚሆነው የመጀመሪያው ልባስ አለ፤ በእርሱ ላይ መልኩን የሚሰጠው ቀለም ይነፋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት፣ መልክ የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ልባስ ይደረባል። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር 1/1000ኛ ክፍል ነው። ከዚህ ውስጥ ክሊሩ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን የሚደርስ ሲሆን፣ ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ያነሰ መሆኑ ነው። ነጋዴው የሚሸጠው ውበት በሙሉ ያለው በዚህ ከጠጉር በሚቀጥን ልባስ ላይ ነው።

እንግዲህ ጭረት ማለት በዚህ ልባስ ላይ የተቆፈረ ቦይ ነው። ብርሃን በለስላሳ ፊት ላይ ሲያርፍ በአንድነት ይመለሳል፤ በቦዩ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ግን ይበተናል፤ የተበተነውም ብርሃን ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ጭረቶቹ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ቢሄዱም ለዐይን የሚያበሩት ከብርሃኑ ፊት ለፊት ተጋድመው የሚገኙት ብቻ ስለ ሆኑ፣ በፀሓይ ወይም በአምፑል ዙሪያ ክብ የሠሩ ይመስላሉ። ሰው ራሱን ወዲያና ወዲህ ባንቀሳቀሰ መጠን ክቡም አብሮት ይሄዳል።

ቀድሞ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የናይትሮሴሉሎስ ቀለም በአሜሪካ ለአውቶሞቢል መዋል ከጀመረ ወዲህ ለብዙ ዘመን መልኩና አንጸባራቂነቱ በአንድ ዓይነት ቀለም ውስጥ ተቀላቅለው ይነፉ ነበር። በድሮ ቬስፓ ላይ ያለው ቀለም የዚህ ዓይነት ነው። እንደዚህ ያለው ቀለም በነጭ ጨርቅ ሲወለወል ጨርቁ የሞተሩን መልክ ይይዛል፤ ክሊር ያለበት ግን ጨርቁን አያቀልምም። ይህ ቀላል ፈተና ሥራ ሳይጀመር መደረግ ይገባዋል፤ የድሮው ቀለም በተወለወለ ቁጥር የሚሄደው ራሱ መልኩ ነውና።

የጉለሌ አቧራ

የእንጦጦ ተራራ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ከዚያ ድንጋይ በሚወጣው አቧራ ውስጥ ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን ይገኛል፤ በግንባታ ቦታ በሚራገፈው አሸዋ ውስጥ ደግሞ ኳርትዝ አለ። ማዕድን አጥኚዎች ጥንካሬን ከ1 እስከ 10 በሚሰጡት መለኪያ ፌልድስፓር 6፣ ኳርትዝ 7 ነው። ኳርትዝ ብርጭቆ እንኳ ይጭራል፤ ክሊር ደግሞ ከብርጭቆ እጅግ የለሰለሰ ነው። ስለዚህ በበጋ ወራት አቧራ ለብሶ የዋለ ታንክ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ፣ ጨርቁ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል ማለት ነው። በላዩ የሚጣለው ሸራም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አቧራ ባለበት ሞተር ላይ ተጥሎ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ሲያርገበግበው ያለ ማቋረጥ ሲፍቅ ያድራል።

ሁለተኛው ምክንያት የእጥበት ባልዲ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አጣቢው ውሃ መቆጠቡ የማይነቀፍ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ባልዲ ውሃ አምስትና ስድስት ሞተር ሲታጠብ፣ ከመጀመሪያው ጎማ የወጣው አሸዋ በስፖንጁ ተይዞ ወደ ስድስተኛው ታንክ ይሄዳል። መድኃኒቱ ብዙ ውሃ መጨመር ሳይሆን ውሃውን መክፈል ነው። ይኸውም አንዱ ባልዲ ለሳሙናው፣ ሁለተኛው ስፖንጁን ለማለቅለቅ ብቻ እንዲሆን፣ ለጎማና ለሞተሩ አካል የተለየ ጨርቅ እንዲያዝ፣ እጥበቱም ከታንኩ ተጀምሮ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ስፖንጅ ከመነካቱ በፊት አንድ ጆግ ውሃ ከላይ ቢፈስበት የአቧራው አብዛኛው ክፍል በራሱ ይወርዳል። ለልብስ የሚሆነው የዱቄት ሳሙና የሰሙን ልባስ ጠርጎ ስለሚያስወግድ ለዚህ ሥራ አይመከርም።

ከአጥቢውና ከሱቁ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣው ራሱ ባለ ሞተሩ ነው። የጃኬት ዚፕና የቀበቶ ዘለበት ታንኩን ከኋላ በኩል ይፍቃሉ፤ በቁልፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰንሰለት በመክፈቻው ዙሪያ ቀለሙን ይበላል፤ የዕቃ ሣጥን የታሰረበት ገመድ ደግሞ የጎኑን ሽፋን። እነዚህ ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱና ጠለቅ ያሉ ስለ ሆኑ ከእጥበት ጭረት ለመለየት አያስቸግሩም።

ጭረቱን መመርመር

ጭረትን ማጥፋት ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ቦዩ የሚሞላ ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቦዩ አይሞላም፣ በዙሪያው ያለው ልባስ እስከ ቦዩ ወለል ድረስ ተፍቆ ይወርዳል እንጂ። ይህም ማለት እያንዳንዱ መወልወል ከዚያ ከጠጉር ከሚቀጥነው ልባስ ላይ የሚከፈል ወጪ ነው። ለስላሳ ፖሊሽ በእጅ ሲሠራበት የሚያነሣው ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ሻካራው ራቢንግ በማሽን ሲሠራበት ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል፤ ብርጭቆ ወረቀት ከዚያም በላይ። የሙያው ሰዎች በአንድ ሞተር ዕድሜ ውስጥ በጠቅላላው ከ7 ወይም ከ8 ማይክሮን በላይ እንዳይነሣ ይጠነቀቃሉ። ክሊሩ ሲሳሳ ከታች ያለውን መልክ ከፀሓይ የሚጠብቀው አይኖርም። በከፍታ ላይ አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሓይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይታወቃል፤ የጉለሌ ላይኛው ክፍል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሩብ ያህል የበረታ ጨረር ያርፍበታል። በወደብ ከተማ አሥር ዓመት የሚቆይ ክሊር እዚህ ያን ያህል ይቆያል ብሎ ማሰብ አይገባም።

ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ሞተሩ በደንብ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ የእጅ ባትሪ ተይዞ በጎን ይታያል። ጭረቱ በውሃ ሲረጥብ ለጊዜው ከጠፋ በክሊሩ ላይ ያለ ቀላል ጭረት ነው፤ በፖሊሽ ይወጣል። ጥፍር በላዩ ሲሳብ የሚይዝ ከሆነ ግን ጠልቋል፤ እርሱን ፈጽሞ ለማጥፋት መሞከር ክሊሩን ጨርሶ መፋቅ ይሆናል፤ ጠርዙን አለስልሶ እንዲደበዝዝ ማድረግ ብቻ ይበቃል። በጭረቱ ውስጥ ግራጫው የመጀመሪያ ልባስ ወይም ላሜራው ራሱ ከታየ ነገሩ የመወልወል ሳይሆን የቀለም ነው።

ፈጽሞ የማይወለወልም አለ። የማያንጸባርቅ ደብዛዛ ቀለም ያለው ሞተር ፖሊሽ ቢነካው በዚያ ቦታ ብቻ ማብረቅ ይጀምራልና መልሶ እንደ ቀድሞው ማድረግ አይቻልም። ከክሊር በላይ የተለጠፈ ጽሑፍና ምስልም በማሽን ጠርዙ ይነሣል። ያልተቀባው ጥቁር ፕላስቲክ ፖሊሽ ሲነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር በወረቀት ፕላስተር መሸፈን አለበት።

አሠራሩ

ሥራው በጥላ፣ ታንኩም ቀዝቅዞ ሳለ፣ ቢቻል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ይሠራል። ሞተሩ ሲሠራ ቆይቶ ከሆነ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ ከሁሉ በለሰለሰው መጀመር። በአንድ ጥግ ላይ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ለስላሳው ፖሊሽ ይሞከራል፤ ጭረቱ ከወጣ ከዚያ የሻከረ ነገር ፈጽሞ አያስፈልግም። ካልወጣ ብቻ ወደ ራቢንግ ይሄዳል፤ ራቢንግ ከሠራ በኋላም እርሱ ራሱ የተወውን ደመና የመሰለ ጥላ ለማጥፋት ለስላሳው ፖሊሽ መከተል አለበት። ብዙ ሰው በዚህ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይሰለቻል፤ በጥላ ያማረ የመሰለው ታንክም ወደ ፀሓይ ሲወጣ ከቀድሞው የባሰ ሆኖ ይገኛል።

በእጅ ለሚሠራ ሰው የአንድ ባቄላ ፍሬ የሚያህል ፖሊሽ በለስላሳ ስፖንጅ ላይ አድርጎ፣ ከአንድ ስንዝር በማይበልጥ ቦታ ላይ፣ በመጠነኛ ጫና አንድ ጊዜ ወደ ጎን፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ይበቃዋል። በክብ መዞር የተለመደ ቢሆንም ቀጥታው ይሻላል፤ በስፖንጁ ውስጥ አንድ አሸዋ ቢገባ ቀጥታ ጭረት በቀላሉ ይታወቃል፣ ስፖንጁም ወዲያው ይለወጣል። መሬት የወደቀ ስፖንጅ ሳይታጠብ ወደ ታንክ አይመለስም።

ማሽን ሥራን ያፈጥናል፤ ጥፋትንም እንዲሁ። የሞተር ብስክሌት አካል እንደ መኪና በር ሰፊና ዝርግ ስላልሆነ ማሽኑ በጠርዝ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ይበዛል፤ ቀለም ሲነፋ ደግሞ ልባሱ ከሁሉም የሚሳሳው በጠርዝ ላይ ነው። ታንኩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ፣ የፓራፋንጎው ከንፈር፣ የጎን ሽፋኖቹ ጥግ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍነው በእጅ ብቻ ቢሠሩ ይመረጣል። የፕላስቲክ ክፍሎች ሙቀትን እንደ ላሜራ አያሠራጩምና ማሽኑ በአንድ ቦታ ጥቂት ሴኮንድ ቢቆም ቀለሙ ይነፋል ወይም ይቃጠላል። የቀለምን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ የገዛ ባለ ጋራዥ አለኝታ ያገኘ ቢመስለውም፣ የተለመደው ዓይነት በብረት ላይ እንጂ በፕላስቲክ ላይ እንደማይሠራ ማወቅ አለበት።

ስለ ጥርስ ሳሙናም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። በውስጡ ለስላሳ መፈግፈጊያ ስላለ ቀላል ጭረትን በጥቂቱ ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ነገር ግን የተሠራው ለጥርስ ነው፤ የመፈግፈጊያው ሻካራነት እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ የዛሬው የረዳ የነገው ሊጎዳ ይችላል።

ላሜራ የታየበት ጭረት ክረምት ሳይገባ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ዝገቱ በቀለሙ ሥር እየሄደ ያሳብጠዋል። ቦታው ከቅባት ይጸዳል፤ ዝገት ካለ ይፋቃል፤ የመጀመሪያው ልባስ በቀጭን እንጨት ጫፍ ይነካል፤ ሲደርቅ መልኩ፣ ከዚያም ክሊሩ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተደራረበ ከዙሪያው ከፍ እስኪል ይሞላል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይነካ ከቆየ በኋላ ከፍ ያለው ብቻ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ወረቀቱ በውሃ እየራሰ፣ ቀስ ተብሎ ይስተካከላል፤ በራቢንግና በፖሊሽም ይጨረሳል። ቅርብ ሆኖ ለሚያይ ምልክቱ መታየቱ አይቀርም፤ ዝገቱ ግን ቆሟል።

ስለ ሻጩና ስለ ዕቃው

በገበያ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ለሽያጭ የሚቀርብ አሮጌ ሞተር በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ይወለወላል። ዘይቱ ቦዮቹን ሞልቶ ብርሃኑ እንዳይበተን ስለሚያደርግ ጭረቱ ከዐይን ይሰወራል፤ ገዢውም ተደስቶ ይሄዳል። ነገር ግን ዘይቱ አቧራን ይስባል፤ በመጀመሪያው እጥበትም ይለቃል፤ ጭረቱ ሁሉ ተመልሶ ይታያል። ነጋዴው በዚያች ቀን ያገኘው ትርፍ ጥቂት ብር ሲሆን፣ ያጣው ግን የዚያ ሰው ወንድምና የሥራ ባልደረባ ሊገዙት የነበረውን ሞተር ነው። ቦይ የሚሞሉ ቅባቶች በውጭ አገር ፋብሪካዎችም ይሠራሉ፤ በጣሳው ላይ ጭረትን የሚሸፍን መሆኑ እስከ ተጻፈና እስከ ተነገረ ድረስ ነውር የለበትም። የሚገዛ ሰውም ራሱን ለመጠበቅ ከፈለገ፣ በጥቂት አልኮል የራሰ ንጹሕ ጨርቅ በታንኩ ማዕዘን ላይ እንዲያሳልፍ ቢፈቀድለት የተሸፈነው ወዲያው ይገለጣል። ሐቀኛ ሻጭ ይህን ፈተና ራሱ ቢያቀርብ፣ በደረሰኙም ላይ «ቀለሙ ተወልውሏል» ብሎ ቢጽፍ፣ ቀጣዩ ባለቤት ልባሱ ምን ያህል እንደ ተነካ ያውቃል።

አስመጪውና ባለ ሱቁ ሊለዩት የሚገባ ሌላ ነገር የመፈግፈጊያው ደረጃ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ላይ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። «ለቀለም» ተብሎ ለተጠየቀ ሁሉ የብረት መፋቂያ የሆነውን 400 ወይም 800 ቁጥር መስጠት በደንበኛው ታንክ ላይ መፍረድ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከ2000 በታች ያለው ለማያውቅ ሰው ባይሸጥ ይሻላል። የራቢንግ ጣሳ በሱቅ መስኮት ፀሓይ ላይ ከተደረደረ ይደርቃል፣ ይለያያልም፤ የደረቀው ተሰባብሮ ራሱ አሸዋ ይሆናል። አዲስ ዓይነት ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ ከማዘዙ በፊት ናሙናውን ከጋራዥ በተጣለ ጥቁር ፓራፋንጎ ላይ ቢሞክር ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይማራል።

ለመወልወያ የሚሆነው ማይክሮፋይበር የሚባለው ከፖሊስተርና ከፖሊአሚድ የሚሠራ ጨርቅ ነው፤ የተሰፋው ጠርዝና ምልክቱ ይጭራሉና ተቆርጠው መነሣት አለባቸው። ሽሮ ሜዳ ቅርብ ለሆነ ሰው በብዙ እጥበት የለሰለሰ የጥጥ ነጠላ ቁራጭም ለመጨረሻው ውልወላ ያገለግላል፤ ጥበቡ ያለበት ጫፍ ግን ተለይቶ ይቆረጥ።

የተወለወለ ቀለም ያለ ሰም ሊተው አይገባም። በዓለም ገበያ ለዚህ ሥራ የታወቀው ከብራዚል የዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም ነው፤ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ስለ ሆነ ፀሓይን ይችላል። የኢትዮጵያ የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ነው፤ ብቻውን ሲቀባ ለስለስ ብሎ አቧራ ይይዛል፤ ከካርናውባው ጋር ሲቀላቀል ግን ቅባቱ በቀላሉ እንዲዘረጋ ያደርጋል። የዚህ ሰም ብዙው ክፍል ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ተጣርቶ የሚገኝና ለረጅም ዘመን ወደ ውጭ ሲላክ የኖረ ነው። ጥሬውን ልኮ በጣሳ የታሸገውን ፖሊሽ በውጭ ምንዛሪ ከማስመጣት ይልቅ፣ ካርናውባውን ብቻ አስመጥቶ እዚሁ ማቀላቀል ያዋጣ እንደ ሆነ ላኪና አስመጪ ተቀምጠው ሊያሰሉት የሚገባ ሒሳብ ነው።

ሰሙ በስሱ ተቀብቶ፣ ጥቂት ደርቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይነሣል። በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ቢደገም፣ በተለይም አንዱ ክረምት ሳይገባ በግንቦት፣ ሌላው ዝናቡ ካቆመ በኋላ በመስከረም መጨረሻ ቢሆን ጥሩ ነው። በቤንዚን መቅጃው ዙሪያ ነዳጅ እየፈሰሰ ሰሙን ስለሚያጥበው ያ ቦታ በየወሩ ይታይ። የሱቁም ልጅ በማለዳ ደረቅ ጨርቁን ትቶ፣ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስና ሁለት እርጥብ ጨርቆች፣ አንዱን ለታንኩ አንዱን ለቀረው አካል፣ ይያዝ።